ዳኛው የነከሰው አረር

የእጅ ሥራ ትዕግሥት ያስተምራል ይላሉ። አያስተምርም። እኔ ያደግኩት አባቴ በገዛ እጁ የጠመንጃ አረር በሚሠራበት ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሥራ አባቴ ትዕቢት ተማረ፣ ታናሽ ወንድሜ መታዘዝ ተማረ፣ እኔ ደግሞ ዝም ማለት ተማርኩ። ትዕግሥት የተማረ ሰው በቤታችን አልነበረም። ስለ አባቶቻቸው መዶሻና መጋዝ እንባ እየተናነቃቸው የሚጽፉ ሰዎችን ባነበብኩ ቁጥር፣ እነዚህ ከመዶሻው ራቅ ብለው ነበር የተቀመጡት እላለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ወንድሜ ተስፉ ባለፈው ሳምንት ከመሬት ቆፍሮ ያወጣው ነገር ነው። ጦርነቱ ከሰፈሩ ከራቀ በኋላ ካርቱም፣ ባሕሪ ሰፈር ወደሚገኘው የወላጆቻችን ቤት ተመልሰን ነበር። ዘራፊዎቹ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ በሩን ከነመቃኑ ነቅለዋል፣ የመኬፉን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን፣ ሆድ ዕቃ ዘርግፈው ባዶ ቆርቆሮውን ትተዋል፣ ግድግዳውን ፈልፍለው የመዳብ ሽቦውን እንደ ዓሣ አጥንት መዘው ወስደዋል። ተስፉ አርባ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የፈረሰ ቤት አያስለቅሰውም፤ እንዲያውም አትቆፍር የሚለው ሰው በመጥፋቱ ደስ ብሎት ነበር። ድሮ ራኩባው፣ አባቴ በእንጨትና በሰሌን የሠራው ዳስ፣ በቆመበት ጥግ ላይ በተሰበረ ማንኪያ ሲጭር አርፍዶ፣ ግማሽ ጣት የምታህል ግራጫ ነገር አምጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ትንሽ ናት፤ እጄን ግን ወደ ታች ሳበችው። አረር ሳይሆን የቀረች የእርሳስ ብረት ቁራጭ ነች። አፈሩን በአውራ ጣቴ ስጠርገው ጫፏ ላይ የጥርስ ምልክት ብቅ አለ፤ ሁለት ጎድጓዳ አሻራዎች፣ በመካከላቸው ምንም ያልነካው ሰፊ ክፍተት። ያ ክፍተት የተስፉ ፍንጭት ነው፤ ዛሬም ሲስቅ ይታያል። መዳቡን ሁሉ ወስደው ይህችን ለእኔ አስቀርተውልኛል።

አባቴ ከአርማጭሆ ተነሥቶ በመተማ በኩል ሱዳን የገባ፣ ባሕሪ ካሉት ጋራዦች በአንዱ የመኪና ባትሪ እየፈታ የሚገጥም ሰው ነበር። አረሩን የሚሠራው ከሥራ መልስ፣ በሆሹ፣ በቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ለአንድ ደንበኛ ብቻ ነው። ደንበኛው እዚያው ካርቱም አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር የሚኖር ጡረታ የወጣ መኮንን ነበር፤ ስሙን ሰምቼ አላውቅም፤ አገሬው መኮንንን በክብር እንደሚጠራው ጀናቡ ነበር የምንለው። ጀናቡ ከአያቱ የወረሳቸው ሁለት በአፋቸው የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ነበሩት፤ ባሩዱ በአፈ ሙዙ ይፈስሳል፣ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ድቡልቡል አረር በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ተኳሹ ጸልዮ ይተኩሳል። የሚተኩሰውም በዓባይ ዳር ባለው እርሻው ላይ ያረጁ የውሃ ማሰሮዎች ደርድሮ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከግቢያችን የወጣ አረር የገደለው ማሰሮ ብቻ ነው። የጎዳው ሰው አንድ ሲሆን እሱም ከግቢው አልወጣም።

ጀናቡ ቀልጦ የተፈሰሰ አረር አይወድም፤ ሆዱ ውስጥ አየር ይቀርበታል፣ ሲበር ይንጋደዳል ይል ነበር። የሚፈልገው እርሳሱ ሳይቀልጥ በቀዝቃዛው ተጨፍልቆ የተሠራውን ነው። ለዚህም ራሱ በቶርኖ ያስጠረበውን ማተሚያ ለአባቴ በአደራ ሰጠው። ማተሚያው የሁለት መዳፍ ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት የብረት ጉንጮች አሉት፤ በእያንዳንዱ ጉንጭ ላይ ግማሽ ሎሚ የሚያህል ሳይሆን ግማሽ ወይን ፍሬ የሚያህል ጉድጓድ ተቦርቡሯል። አባቴ የእርሳሱን ዘንግ በመሮ እኩል እኩል ይቆርጣል፣ ቁራጯን በታችኛው ጉንጭ ላይ ያስቀምጣል፣ ላይኛውን ይገጥማል፣ ከዚያ ትልቁን መዶሻ አንሥቶ አንዴ ይመታል። አንድ ምት ነው፤ ሁለተኛ መምታት እንደ ውርደት ይቆጠራል። ሲከፈት መሐሉ ላይ ድቡልቡሏ ትቀመጣለች፣ በዙሪያዋ ደግሞ ከጉንጮቹ መሐል የሾለከ ቀጭን የእርሳስ ጆሮ ይኖራል፤ ጆሮውን በቢላ ላጥ አድርጎ፣ ድቡልቡሎቹን በሁለት ዝርግ ብረቶች መካከል እያዞረ ያሻቸዋል። ያ ድምፅ ሰሌን ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስል ነበር፤ ካርቱም ውስጥ ደግሞ ዝናብ የሚመስል ነገር ሁሉ ይወደዳል። አዲስ የተሠራ አረር ጠዋት እንደ ብር ያበራል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ውብ ነበር፤ አልዋሽም። እናቴም ሥራውን ትወደው ነበር፤ ጭስ የለውም፣ ከሰል አያስጨርስም፣ «ንጹሕ ሥራ» ትለው ነበር።

እርሳስ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከአሮጌ የስልክ ገመድ ላይ የተላጠው ለስላሳ ነው፤ ማተሚያው ውስጥ እንደ ሊጥ ይሞላል። ከባትሪ የወጣው ሌላ ነገር ስለተደባለቀበት ደረቅ ነው፤ አይሞላም፣ ይሰነጠቃል፣ ማተሚያውንም ይጎዳል። አባቴ ሁለቱንም በአንድ ጆንያ ነበር ከጋራዥ የሚያመጣቸው፤ ከቆሸሹ በኋላ ደግሞ በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው በልጅ ጥርስ ነበር። በአገሩ አዳኞች እንዲህ ነው የሚያደርጉት ይል ነበር፤ ያዋቂ ጥርስ ሁለቱንም እኩል ስለሚጨፈልቅ አይታመንም፣ የልጅ ጥርስ ግን ለስላሳው ላይ ይሰምጣል፣ ደረቁ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ራኩባው ሥር ተቀምጬ፣ የሚቀርብልኝን ዘንግ ሁሉ እየነከስኩ፣ ለስላሳውን በቀኜ ደረቁን በግራዬ እከምር ነበር። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው ማንኛውም ሰው ይህን ልዩነት በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭሮ ሊያውቀው እንደሚችል ያነበብኩት። ጥፍር። አባቴ አሥር ጥፍር ነበረው።

ለአገልግሎቴ የማገኘው ዋጋ ዓርብ ነበር። ዓርብ ዓርብ አረሩን በጨርቅ ከረጢት ይዘን ከባሕሪ በሀፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተሳፍረን ድልድዩን እንሻገራለን፣ ሱቅ ዐረቢ ወርደን በሌላ ሀፍላ አል-ጣኢፍ እንሄዳለን። የጀናቡ ሳሎን መኬፍ ነበረው፤ እርጥብ የገለባ ሽታ ያለው ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቴን ሲመታኝ ሌላ አገር የገባሁ ይመስለኛል። ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያ ቀይ የአበባ መጠጥ፣ ይመጣልኛል። አባቴ የወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ጀናቡ እያንዳንዷን አረር እንደ ወርቅ ሠሪ በትንሽ ሚዛን ይመዝናል፤ እኔ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ከመደርደሪያው የፈለግኩትን የዓረብኛ መጽሔት አወርዳለሁ። ቤታችን ውስጥ ከዳዊቱ በቀር የሚነበብ ነገር አልነበረም። ዛሬ አንባቢ ነሽ፣ ከየት አመጣሽው ለሚሉኝ ሁሉ፣ ከአንድ የሱዳን መኮንን ምንጣፍ ላይ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ከእነዚያ መጽሔቶች በአንዱ ስለ እርሳስ አነበብኩ። በጥንት ዘመን አንድ ታላቅ ሕዝብ የወይን ጠጁን በእርሳስ ዕቃ እያፈላ ያጣፍጥ ነበር ይላል፤ መኳንንቱ ጠጡት፤ ሆዳቸውን ቆረጣቸው፣ ፊታቸው ገረጣ፣ መርሳት ጀመሩ፣ ልጆቻቸው ፈዘዙ። ከሥር ደግሞ፣ ዛሬም ቢሆን ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ትንንሽ ልጆች ናቸው የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እነዚያ መኳንንት መፍዘዝ ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ስለ ተስፉ የተጻፈው ይኸው ይህ ብቻ ነው።

«ጀናቡ፣ እርሳስ ሰው ያፈዝዛል ወይ?» አልኩት በዓረብኛ።

ዓይኑን ከሚዛኑ አላነሣም። «የሚበላውን ሰው ነው፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ። እናንተ ትበሉታላችሁ እንዴ?»

አባቴ ሳቀ፤ ጀናቡ የቀለደ በመሰለው ጊዜ ሁሉ ይስቃል።

«አንበላውም» አልኩ። እውነቴን ነበር። የምንውጠው ምራቁን ብቻ ነው።

ስንመለስ ሀፍላው ድልድዩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እንደዚያ ጊዜ በደንብ ያሰብኩበት ጊዜ በሕይወቴ የለም። ለአባቴ ብነግረው ወይ ይመታኛል ወይ ያምነኛል። የፈራሁት ሁለተኛውን ነው። ካመነኝ ሥራውን ይተወዋል፤ ሥራው ከቀረ ዓርብ ይቀራል፤ ዓርብ ከቀረ ምንጣፉ፣ ከርከዴውና መደርደሪያው ይቀራሉ፤ እኔ ደግሞ ገና የታችኛውን ረድፍ አልጨረስኩም። መንከሱን ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አልፈልገውም። እንግዲህ ሥራው እንዲቀጥል፣ እኔም እንዳልነክስ፣ ሌላ ጥርስ ያስፈልግ ነበር። ቤት ስንደርስ ተስፉ በር ላይ ቆሞ እየዘለለ ተቀበለን። ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የፊት ጥርሶቹ ገና መውጣታቸው ነው።

ስለ ተስፉ ልንገራችሁ። የዚያን ጊዜው ተስፉ ምላሱ የማያርፍ ልጅ ነበር። ትልቅ ሲሆን የሀፍላ ኩምሳሪ ሊሆን ነበር ሐሳቡ፤ ከሰፈራችን እስከ ሱቅ ዐረቢ ያሉትን ፌርማታዎች ሁሉ፣ እንደ ትኬት ቆራጩ ጣቱን እያስጮኸ፣ በአንድ ትንፋሽ ያወርዳቸው ነበር። አሥራ አንድ ናቸው። ጎረቤቶቻችን ልብስ እያሰጡ «ያ ተስፉ፣ ውሰደን» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ቦታ የለም ብሎ የሚመልሳቸው አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጥርሴን አመመኝ አልኩ። አባቴ ተናደደ፤ እኔ ግን መፍትሔ ይዤ ነበር። ተስፉን ራኩባው ሥር ወሰድኩት።

«ይሄ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ አንተ አትችለውም።»

«እችላለሁ።»

«ታለቅሳለህ።»

«አላለቅስም፣ እታለም።»

«ዳኛ ታውቃለህ? ዳኛ ያለው ይጸናል። አንተ ለስላሳ ነው ካልክ ለስላሳ ነው። አባባ ራሱ ይታዘዝሃል።»

ዓይኑ በራ። ለስላሳውን በቀኝ ደረቁን በግራ እንዲከምር፣ ምላሱን እንዳያስገባ፣ ደግሞ ሲጨርስ «ዳኛው ፈረደ» እንዲል አስተማርኩት። የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ጌጥ ከሌለው ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። አባቴ ወደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆንያውን ከትከሻው ሲያወርድ «ዳኛችን የታል?» ይል ነበር፤ ተስፉም የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ምላሱን እንዳያስገባ አስተማርኩት አልኩ፤ ይህችን የጻፍኳት ራሴን ላዳንቅበት ነው፤ ምላስ ሳያስገባ የሚነክስ ልጅ እንደሌለ አውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ጸጸት ሲበላኝ እንደኖረ ይጠብቃል። አልበላኝም። ይበልጥ የያዘኝ ጉጉት ነበር። መጽሔቱ ሆድ ቁርጠት ይላል፤ ጠበቅኩ። መገርጣት ይላል፤ ጠበቅኩ። መርሳት ይላል። ጀናቡ አረሮቹን እንደሚመዝን እኔም ወንድሜን እመዝን ጀመር፤ በየእሁዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ፌርማታዎቹን ጥራልኝ እለዋለሁ፣ ለጠራት ለእያንዳንዷ በከሰል ከበሩ ጀርባ አንድ ጭረት አደርጋለሁ። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ። ብዙ ወራት አሥራ አንድ ነበሩ፤ መጽሔቱ ዋሽቷል ብዬ ቅር አለኝ። ከዚያ ዘጠኝ ሆኑ። ድልድዩን ዘለለው። ሲዘልል ሳቅኩበት፤ «ኩምሳሪያችን ሰዎቹን ዓባይ ውስጥ አወረዳቸው» ብዬ ለጎረቤት ልጆች ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ሲያዩት ሁሉ እየዋኙ ያሳዩት ነበር። እሱም አብሯቸው ይዋኛል። ቀልዱ በማን ላይ እንደሆነ መጀመሪያ ያውቅ ነበር፤ በኋላ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሆዱን ሲቆርጠው እናቴ አብሽ እያፈላች ታጠጣዋለች፣ ጸበል ትወስደዋለች፣ ትምህርት ቤት መምህሩ ይፈዛል ሲሏት ቤት መጥታ ታለቅሳለች። ምክንያቱንም አገኘችው። ተስፉን ስታረግዝ በከሻ፣ መታወቂያ የሌለውን የውጭ ሰው በሚያፍሱበት አፈሳ፣ ተይዛ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ሳትቀምስ ውላ ነበር። «ወረቀቴን ረስቼ ብወጣ ነው፤ ያን ቀን ነው ሆዴ ውስጥ ያጠፋሁት» አለች፤ ከዚያም ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብላ እስክትሞት ድረስ ይህንኑ ትል ነበር። እጇን ይዤ እሰማት ነበር። እጅ መያዝ ላይ ጎበዝ ነኝ።

እርሳሱ ነው ያፈዘዘው ብዬ አልምልም። ወባም ሁለት ጊዜ ጥሎታል። ካደግኩ በኋላ የጠየቅኩት ሐኪም ይህን ያህል ዘመን አልፎ ማወቅ አይቻልም አለኝ፤ ሌላ ጥያቄ ባለመጨመሬም ደስ ያለው መሰለኝ። ሐኪም የማያውቀውን እኔም አላውቅም። እኔ የማውቀው ዘንጉን ሳቀብለው በልቤ የነበረውን ነው።

ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ዳኛው ተሳሳተ። እኔ አንገረቡ ላይ ተጋድሜ ከጀናቡ ተውሼ ያመጣሁትን መጽሔት እያነበብኩ በዓይኔ ጥግ አየው ነበር። ዘንጉን ነከሰ፣ አወጣው፣ አየው፤ ከዚያ እጁ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ቆመ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ቆመ። ጥርሱ ነግሮታል፤ እሱ ግን የትኛው በየት እንደሆነ ረስቶታል። ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን ወደ ገጹ መለስኩ። ቀኝ ላይ አስቀመጠውና በዝግታ «ዳኛው ፈረደ» አለ።

አባቴ አንዴ መታ፤ አልሞላም። ደገመ። እንዲህ ያለ ውርደት አጋጥሞት አያውቅም፤ ሠለሰ፤ በአራተኛው የላይኛው ጉንጭ እንደ ስኳር ድንጋይ ለሁለት ተሰነጠቀ። የጀናቡ አደራ ነው። አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ እርሳሱ የተላጠለትን የስልክ ገመድ ከተሰቀለበት ግድግዳ አወረደ። «ዳኛ ነህ አይደል? በል አሁን ፍረድ» እያለ ነበር የሚመታው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ተስፉ አላለቀሰም፤ አላለቅስም ብሎኝ ነበርና። እናቴ ገበያ ነበረች። እኔ ገጹን ገለበጥኩ። ምን ይል እንደነበር ዛሬም አስታውሳለሁ፤ ስለ ግመል ኩላሊት ነበር።

ከሰዓት በኋላ አል-ጣኢፍ ሄድን። ጀናቡ የተሰነጠቀውን ብረት አገላብጦ አየ፣ ማ ፊ ሙሽክላ፣ ምንም አይደለም አለ፣ ከርከዴም አስመጣልን። በሚቀጥለው ዓርብ ዘበኛው ጌታዬ ተኝቷል አለን። በሚቀጥለውም ተኝቶ ነበር። አባቴ ሦስተኛ አልሞከረም። የታችኛውን ረድፍ ለመጨረስ ስድስት መጽሔት ቀርቶኝ ነበር።

አሁን ስመዝነው የጠፋው ብዙ አይደለም። አባቴ ሞቷል፤ እስኪሞት ድረስ ልጁ ሰነፍ ነው ብሎ ያምን ነበር። ራኩባው የለም። የጀናቡን ቤት በሌላ ቀን ሄጄ አየሁት፤ መስኮቶቹ ተነቅለዋል፣ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሰው እሳት አንድዶ ሻይ አፍልቶበታል፤ በምን እንዳነደደው ከአመዱ አጠገብ የቀረው የመጽሔት ሽፋን ይናገራል። የበራችን ጀርባ ጭረቶች ከበሩ ጋር ተሰርቀዋል። ዘራፊው በሩን የትም ሰቅሎት ይሆናል፣ ቆሻሻ መስሎትም አጥቦት ይሆናል።

እርሳሷን ይዤ የቆምኩ ጊዜ ተስፉ መዳፉን ዘረጋ። ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት አትጠይቁኝ፤ እንደ ድሮው ሲነክስ ላየው ፈልጌ ይሆናል። በአፈሩ እንዳለች አፉ ውስጥ ከተታት፤ የቀሩትን የፊት ጥርሶቹን ድሮ በነከሰበት ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ጫን አደረገ። ክፍተቱ ክፍተቱ ላይ ገጠመ። ከዚያ አውጥቶ አየኝ።

«ለስላሳ ነው፣ እታለም።»

«አዎ።»

«ለስላሳ በየት ነው?»

«በቀኝ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ በቀኙ መሬት ላይ አስቀመጣት፣ ቀና አለና ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲል ያልሰማሁትን «ዳኛው ፈረደ» አለ። ፊቱ በርቶ ነበር።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ። ማንበብ እችል ነበር።